የተቦረቦረው ብረት

ብረት ቀጥቃጩ አያ ተሻገር ከአርብ ገበያ ማረሻ ሸጠው ሲመለሱ ዝናብ ያዛቸውና መንገድ ዳር ካለ ዳስ ተጠለሉ። እዚያም የጎረቤታቸውን ልጅ ሕሊናን አገኟት፤ ዩኒቨርሲቲ ስለ ብረት የምታጠና ወጣት ናት።

«እንግዲህ አንቺም ቀጥቃጭ ሆነሻል አሉ። ምን ሠራሽ ልጄ?» አሏት።

አውራ ጣት የምታህል የብረት ቁራጭ አውጥታ ሰጠቻቸው። እንደ ማር ሰፈፍ የተበሳሳች ናት።

«ይህማ ምስጥ የበላው ነው! አርባ ዓመት የቀጠቀጥሁት ቀዳዳ ለመድፈን ነው።»

«ለማረሻ እውነትዎን ነው፣ አያ። ይህ ግን ለተሰበረ አጥንት የታሰበ ነው። የብረት ዱቄት ከጨው ጋር ደባልቀን እንጨምቃለን፤ ጨውን በውኃ አሟሙተን እናወጣና የቀረውን በኃይለኛ እሳት እንጋግረዋለን። ጨው የነበረበት ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል።»

«ይሰበራላ!»

«ሆን ብለን እንሰብረዋለን። በማሽን እየተጫንን በስንት ሸክም እንደሚጎብጥ፣ በስንት እንደሚደቅቅ እንጽፋለን። ሠላሳ ሠርተን ሠላሳውንም ሰብረናል።»

«ጠንካራውን ማሰር አይሻልም?»

«ጠንካራ ብረት ሸክሙን ብቻውን ይሸከመዋል፤ ሥራ የፈታ አጥንት ደግሞ ይሳሳል። የእኛው ትንሽ ጎበጥ ይላል፤ ሸክሙን ለአጥንቱ ያካፍላል፤ አጥንቱም በቀዳዳው ገብቶ ያድጋል። ጠንካራውን ብረት ሐኪሞች ቀጠሮ ሰጥተው ለአንዳንዱ ሰው የሚያወጡት ለዚህም ጭምር ነው።»

ሽማግሌው የገዛ ልጃቸውን አሰቡ። ልጃቸው ካሣነሽ ከገደል ወድቃ ጭኗ ላይ ብረት ገብቶላት ነበር። ሐኪሙ በዓመት ከመንፈቅ መልሷት ቢል፣ «ጥሩ ብረት አይነቀልም» ብለው አስቀሯት። በአጨዳ ወራት ነዶ ስታነሣ እግሯ ከብረቱ ጫፍ ላይ ተሰበረ። ዛሬ በምርኩዝ ትሄዳለች፤ እጮኛዋም ሌላ አግብቷል።

«ያኔ ብመልሳት ኖሮ?»

ሕሊና አቀረቀረች። «እግሯ በእርግጥ ይድን ነበር ማለት አልችልም። ቀጠሮው ግን ይህንኑ ለማየት ነበር።»

«ይህስ ይደርስላታል?»

«አይደርስም፣ አያ። ገና ብዙ ይፈተናል። ሳይፈተን ሰው ላይ አይደረግም።»

ቤት ገብተው ጥፋታቸውን ለልጃቸው ነገሯት። ካሣነሽ ባቄላ መፈልፈሏን ሳታቋርጥ፣ «እንሂድ ብዬዎት ነበር፣ አባባ» አለች።

ከዚያ ወዲህ አያ ተሻገር አጥንቱ ላይ ብረት የገባለት ሰው ባዩ ቁጥር መዶሻቸውን አስቀምጠው፣ «ቀጠሮህን ጠብቅ! ብረት መጠንከሩ ብቻ አይበቃም፤ የሚያውቅ ሰው ይየው። እኔን ያየ ይማር» ይላሉ። አንዳንዱ ይስቅባቸዋል። በላይነህ የሚባለው ወጣት ግን ሰማቸው፤ በቀጠሮው ሄዶ ብረቱ ወጣለት።

በመኸሩ በላይነህ ነዶ ተሸክሞ በደጃቸው አለፈ። ካሣነሽ ምርኩዟን ይዛ እስኪርቅ ድረስ እግሩን አየችው። አባቷም እሷን ያዩ ነበር።