ሰብጀክቲቪዝም የገፋው ድንበር

ከጂንካ ወደ ገዘር በሚሄደው ሚኒባስ ከኋላዬ አንዲት ሴትና የወንድሟ ልጅ ተቀምጠዋል። ለእርሻ ድንበር ክርክር ሽማግሌዎች ፊት ሊቀርቡ እየሄዱ ነው፤ ምስክሯ እሱ ነው።

«ጎረቤቴ የድንበሩን ተክል ነቅሎ እርሻዬ ውስጥ ሲተክለው አይተሃል። ያንን ብቻ ተናገር።»

«አክስቴ፣ አየሁ ማለት ይከብዳል። ሰብጀክቲቪዝም የሚባል ነገር አለ።»

«ምንድን ነው ደግሞ እሱ?»

«እውነት እንደየሰው አመለካከት ነው ማለት ነው። ለአንቺ ድንበር ገፍቷል፣ ለእሱ አልገፋም።»

«መሬቱስ? ለእኔ ጠቦ ለእሱ ሰፍቶ የለም እንዴ!»

«እኔ ፍልስፍናውን ነው የነገርኩሽ።»

«ዩኒቨርሲቲ የላክንህ ይሄን ልትማር ነው? እየሮጥክ መጥተህ ‹ገፋብሽ› ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

«ያኔ ስሜታዊ ሆኜ ነው።»

«ያኔ የሰውየውን ልጅ አላጨሃትማ!»

ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። ልጁ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ከመሰከርኩ እኮ ልጅቷን ይከለክሉኛል፣ አክስቴ።»

«ፈራሁ ብትለኝ ይገባኝ ነበር። ልጆቼ የሚበሉበትን መሬት ግን በፈረንጅ ቃል አትውሰድብኝ!»

መውረጃዬ ቢደርስም «ወራጅ አለ» ሳልል አብሬያቸው እስከ ገዘር ዘለቅኩ።