አፈናቸው ያልሁት ከሰሉን ነው

የምስክር ስም፦ ወይዘሮ ብዙነሽ እሸቴ
ዕድሜ፦ 54 ዓመት
ሥራ፦ ቤት አከራይ
አድራሻ፦ ደብረ ታቦር ከተማ፣ ወደ ጋፋት በሚያወጣው መንገድ ዳር
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ጥር 16 ቀን 1931 ዓ.ም.፣ ከጧቱ በ3 ሰዓት

እኔ ስሜ ከላይ የተጻፈው ምስክር፣ ስለ ሟች ራቢያና ስለ ሕፃን ልጇ አሟሟት ተጠይቄ የማውቀውን እንደሚከተለው አስረድቻለሁ።

የሟች ባል ልብስ ሰፊው ሰዒድ ሙሳ መንገድ ዳር ያለችውን አንድ ክፍል ቤቴን ተከራይቶ ሲኖር ሁለት ዓመት ሆኖታል። ቤቱ ቀድሞ የሣር ክዳን ነበር። የመንገድ ዳር ቤት ቆርቆሮ ይልበስ ብለው ጣሊያኖች ስላዘዙ ዓምና ሣሩን አፍርሼ ቆርቆሮ አለበስሁት። ቆርቆሮ ሲያዩት ያምራል እንጂ ሙቀት የሚባል አያውቅም። ከጉና የሚወርደው ብርድ ገብቶበት ያድራል። ሌሊት አመዳይ ይይዘዋል፤ ጧት ፀሐይ ሲነካው በውስጥ በኩል እያንጠባጠበ ምርጊቱን ያፈርሰዋል። ከመስከረም ወዲህ ብቻ ሦስት ጊዜ መርጌዋለሁ። በዚህ ላይ ጢስ ቆርቆሮውን አጥቁሮ ያዝገዋል ብዬ ሰዒድና ሚስቱ እንጨት እንዳያነዱ ከልክያቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ከሰዎቹ ይልቅ ለቆርቆሮው እሳሳ ነበር።

ራቢያ በታኅሣሥ መጨረሻ ሴት ልጅ ተገላገለች። ጥር 12 ቀን ከሰዓት በኋላ ገንፎ ይዤ ልጠይቃት ብገባ የሕፃኗ ከንፈር ጠቁሯል። ራቢያም «እትዬ፣ ልጄ ከብርዱ የተነሣ ጡት መያዝ አቃታት። ለዛሬ እንኳ ትንሽ እንጨት እናንድድ፣ ይፍቀዱልን» አለችኝ። እንቢ አልሁ። በምትኩ አራሷን ንፋስ እንዳይመታት ብዬ፣ ጭቃ በጭድ አቡክቼ በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል ያለውን ክፍተት ዙሪያውን በእጄ ደፈንሁት። ሰዒድንም «ከብረት ቀጥቃጮቹ ከሰል ግዛ፤ ከሰል ጢስ የለው፣ ቆርቆሮዬንም አይነካብኝ» አልሁት። በእኛ ዘንድ ከሰል የቀጥቃጭ ነው፤ የሚነደውም ደጅ ነው። ሰው የሚጎዳው የሚታየው ጢስ ብቻ ይመስለኝ ነበር። የሣር ክዳን ሁሉንም አሾልኮ ያወጣ ነበር፤ ቆርቆሮ እንደማያወጣ አላሰብሁም።

ሰዒድ ሲመሽ ከሰሉን አቀጣጥሎ አስገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ሚስቱ አራስ ስለሆነች ሊያድር ወደ መስፊያ ሱቁ ሄደ። በማግስቱ ጥር 13 ቀን ጧት በ1 ሰዓት የሰዒድን ጩኸት ሰምቼ ሮጥሁ። ገና ስገባ ራሴን አዞረኝ። ራቢያ ልጇን እንዳቀፈች ነበረች፤ የሁለቱም ፊት ቀልቷል፤ ሰውነታቸው ቀዝቅዟል። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝና «አፈናቸው! አፈናቸው!» እያልሁ ጮህሁ። በመንገድ የሚያልፍ ዘበኛ ጩኸቴን ሰምቶ ሲደርስ በሩ ላይ የቆመው ሰዒድ ነበር። አፈናቸው ያልሁት እሱን መሰለውና እጁን የፊጥኝ አስሮ ወሰደው።

ለምን ያን ጊዜ አልተናገርሽም ተብዬ ተጠይቄአለሁ። ፈርቼ ነው። ከሰሉ ነው ብል፣ ከሰል አንድዱ ያለ ማን ነው፣ ክፍተቱን የደፈነ ማን ነው መባሉ አይቀርም። ሦስት ቀን ዝም አልሁ። ትናንት ሰዒድ ሐሙስ ወደ ጎንደር ተወስዶ ይሰቀላል ሲባል ሰማሁ፤ ዛሬ ማንም ሳይጠራኝ መጣሁ።

ይህን ቃል ስሰጥ ሰዒድን ከእስር ቤት አምጥተው ፊት ለፊት አቆሙን። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ በፊቱ ተናገርሁ። እሱ ግን መሬት መሬት እያየ «እትዬ፣ አይድከሙ። ከሰሉን ያስገባሁ እኔ፣ በሩን የዘጋሁ እኔ። ምን ብዬ አልገደልሁም ልበል?» አለ። ጸሐፊው ይህን የእምነት ቃል ነው ብሎ ጻፈው። ቢጨንቀኝ ጸሐፊው እግር ላይ ወድቄ እንዲሰርዘው ለመንሁት፤ የተጻፈ አይሰረዝም አለኝ።

ቃሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። እኔ የተናገርሁት ሁሉ እውነት ነው። በዚህ ወረቀት ላይ ሐሰት ያለው ሰዒድ የተናገረው ብቻ ነው። ፊደል ስለማልቆጥር በአውራ ጣቴ አትሜአለሁ።

የምስክር የጣት አሻራ፦ ብዙነሽ እሸቴ
ቃሉን የተቀበለ ጸሐፊና አስተርጓሚ፦ ማሩ ይርጋ (ፊርማ)