ተራ ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት

ጋሼ፣ ወንበርዎ እንዴት ነው? አልተንቀጠቀጠም? እንግዲህ አጥብቀው ይያዙት፤ ልጀምር ነው።

የተናጋሪዎች ተራ ሲወጣ የግዥ ክፍሉ ኃላፊ ጠጋ ብሎ "አንቺ፣ አጠር አድርጊው፤ ደግሞ ነገር እንዳታነሺ" አለኝ። አጠር አደርገዋለሁ። ስለ ነገሩ ግን ቃል አልገባሁለትም።

የሽኝት ንግግር ተሸኚው መጀመሪያ ከመጣበት ቀን ይጀምራል አሉ። ችግሩ፣ ጋሽ ቁጥር ወደዚህ መሥሪያ ቤት ሲገቡ ያየ ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም። ያዩት ሁሉ ጡረታ ወጥተው አልቀዋል። ስለዚህ እሳቸው ያስተማሩኝን አደረግሁ፤ መዝገብ ገለጥሁ። የዛሬ ሠላሳ አራት ዓመት፣ የመጀመሪያው መዝገብ፣ የመጀመሪያው ገጽ፣ ተራ ቁጥር አንድ እንዲህ ይላል፦ "የእንጨት ወንበር፣ ብዛት አንድ፤ የኋላ ግራ እግሩ የላላ፤ የተቀመጠበት ሰው ደህና።"

የተቀመጠበት ሰው እሳቸው ናቸው! ሰው በመጀመሪያ የሥራ ቀኑ ወንበሩ ሲከዳው ይጮኻል፣ ወይ ይነሳል። እሳቸው መዘገቡት። ያ ወንበር ደግሞ አሁን የተቀመጡበት ነው፤ ተሸክመውት የመጡት ራሳቸው ናቸው። ለሁላችን ተሽከርካሪ ወንበር የተገዛ ጊዜ "እኔ ለመቀመጥ መዞር አያስፈልገኝም" ብለው መለሱት። የኛዎቹ በስድስት ወር ውስጥ ጎማቸው እየረገፈ አለቀ። የሳቸው ግራ እግር እስከ ዛሬ እንደላላ በክብር ቆሟል።

ለእንግዶች ልንገራችሁ፤ ጋሼ የግምጃ ቤት ኃላፊያችን ናቸው። በዚህ ግቢ ከበሩ የገባ ማንኛውም ነገር የሳቸው ቁጥር ሳይለጠፍበት አያድርም። ስማቸውን ትተን "ጋሽ ቁጥር" ያልናቸው ለዚህ ነው። ባለቤታቸው እትዬ እዚህ አሉ፤ ቅድም በር ላይ እንዳጫወቱኝ እቤትም ማንኪያዎቹ ቁጥር አላቸው። ልጃቸውን የዳሩ ቀን ደግሞ ሙሽራውን እጁን ይዘው "ቆጥረህ ተረከብ" አሉት። ልጁ ደንግጦ "ስንት ናት?" አለ። "አንድ ናት፤ ግን አንድ ብቻ ናት!" አሉት።

እስክሪፕቶ የሚፈልግ ሰው ያለቀውን ይዞ መምጣት አለበት። "ሬሳውን አምጣ" ነው የሚሉት። ዳይሬክተራችን የተሾሙ ሰሞን ራሳቸው ወርደው መጡ፤ እኔ እዚያው ቆሜ ነበር።

"ጋሼ፣ አንድ እስክሪፕቶ።"

"ሬሳው የታለ?"

"የምን ሬሳ? እኔ እኮ ዳይሬክተሩ ነኝ!"

"ይቅርታ ጌታዬ፣ አላወቅሁም። የዳይሬክተሩ ሬሳ የታለ?"

ክቡር ዳይሬክተር፣ ዛሬ እየሳቁ ነው፤ ያን ቀን ግን አልሳቁም። አራት ፎቅ ወጥተው ሬሳውን ይዘው ተመለሱ።

እስክሪፕቶ በሬሳ በሚታደልበት ቤት ግን ማሽን እንደ ጎርፍ ይገባ ነበር። ያን የስብሰባ አዳራሹን ግድግዳ የሚያክል ስክሪን ታስታውሳላችሁ? አራት ሰው ተሸክሞት ገባ። ጋሼ ሻጩን "ምን ያደርጋል?" ብለው ጠየቁት። ሻጩ "ሁሉንም!" አለ። "እሺ፣ አንዱን አሳየኝ" አሉት። ሻጩ ሪሞቱን ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ አደረገ፤ ስክሪኑ "ምልክት የለም" ብሎ ጻፈ። ይኸው ሁለት ዓመቱ፤ ዛሬም "ምልክት የለም" ይላል። እኔ አንድ ቀን ተናድጄ "እንዲህ ያለ ገንዘብ እዚህ ላይ ይፈሳል?" ስላቸው፣ "ተይው ልጄ፣ በዚያ አዳራሽ ውስጥ እውነቱን የሚናገር እሱ ብቻ ነው" አሉኝ።

ከዚያ ደግሞ "ከወረቀት ነፃ ቢሮ" መጣ። አርባ ታብሌት። ለያንዳንዱ ታብሌት የአጠቃቀም መመሪያ ታተመ፤ መመሪያውን ለመረዳት የሥልጠና ሰነድ ታተመ፤ ሥልጠናውን ለመውሰዳችን የምንፈርምበት ቅጽ በሦስት ኮፒ ታተመ። የዚያን ወር መዝገብ ሄዳችሁ እዩት። በጋሼ ጽሕፈት እንዲህ ተብሎ ተጽፏል፦ "ወረቀት፣ ካርቶን ዘጠኝ፤ የወጣበት ምክንያት፦ ወረቀትን ለማስቀረት።" ኦዲተሩ መጥቶ "ይህ ምን ማለት ነው?" አላቸው። "እኔም እሱን ልጠይቅህ ነበር፤ አንተ የተማርክ ነህ" አሉት።

የዝንብ ጠንጋራ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ግን ማንንም አዋርደው አያውቁም። የጣት አሻራ ማሽኑ የጽዳት ሠራተኛዋን ጣት አላነብም ያለ ጊዜ፣ ሴትዮዋ ወሩን ሙሉ እየሠራች "ቀሪ" ተባለች። በሳሙናና በውሃ የጣቷ አሻራ ጠፍቶ ነው እኮ! ጋሼ ማሽኑ አጠገብ ደብተር በገመድ አሰሩ። ጠዋት ጠዋት እሷ ስትፈርም አጠገቧ ቆመው ማሽኑን እያዩ "ተማር" ይሉታል።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። የግዥ ኃላፊያችን፣ ውሃ ጠጣ።

ከማሽኖቹ ጋር ሰዎችም ይገዙ ነበር። እኛን የኤጀንሲ ሠራተኞችን ማለቴ ነው። የዛሬ አራት ዓመት ከሦስት ወር ስመጣ "ለሦስት ወር ብቻ ነው፤ ከዚያ ቋሚ ትሆኛለሽ" ተባልኩ። እነሆ አሥራ ሰባተኛው ሦስት ወር ላይ ነኝ። ላም አለኝ በሰማይ ይሉታል ይህን፤ እኔስ ላሟን ቆሜ ሳልብ ነው የኖርኩት።

የመጣሁት በፒክአፕ ነው፤ ከሁለት ማተሚያ ማሽኖች ጋር። ማሽኑንም ሰውንም የሚያቀርበው አንድ ድርጅት ስለነበር ትዕዛዙም አንድ ወረቀት ነበር፦ "ማተሚያ ማሽን ሁለት፣ የመረጃ ባለሙያ አንድ።" ሂሳብ ክፍል ደግሞ "በወረቀቱ ላይ ያለው ሁሉ የመረከቢያ ቅጽ ካልተቆረጠለት አንከፍልም" አለ። ስለዚህ ወደ ግምጃ ቤት ወሰዱኝ። እኔ፣ በዩኒቨርሲቲዬ በማዕረግ የተመረቅሁት፣ በካርቶኖች መሃል ቆምኩ።

የግዥ ክፍሉ ሰው "ጋሼ፣ ይፈርሙላት" አላቸው።

"ሳላይ አልፈርምም" አሉና መነጽራቸውን አደረጉ። "ልጄ፣ ጤናሽ እንዴት ነው?"

"ደህና ነኝ።"

"በጉዞ ላይ የደረሰብሽ ጉዳት አለ?"

ያን ጊዜ ፈነዳሁ። "እኔ ዕቃ አይደለሁም!" ብዬ ጮኽኩ፤ ማተሚያዎቹ ራሳቸው የደነገጡ ነው የመሰለኝ።

ጋሼ አልተቆጡም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እኔ አውቃለሁ" አሉኝ። "እነሱ እስኪያውቁ ድረስ ግን ልመዝግብሽ። በዚህ ቤት ያልተመዘገበ ነገር ይጠፋል።"

ጻፉም። በዚያ ዓመት መዝገብ፣ ተራ ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት፦ "የመረጃ ባለሙያ፣ ሴት፣ ብዛት አንድ፤ አዲስ፤ ሙሉ፤ ትቆጣለች።"

ሳቁ፣ ሳቁ። እኔ ያን ቀን ሽንት ቤት ገብቼ ነው ያለቀስኩት። ስወጣ ጋሼ በር ላይ ወንበር ይዘው ቆመዋል። "ለኤጀንሲ ሠራተኛ ወንበር አልተፈቀደም ይላሉ። ይህ ለማተሚያው የመጣ ነው፤ ማተሚያ ደግሞ አይቀመጥም" አሉኝ።

አንድ ጊዜ ደሞዜን ጠየቁኝና ነገርኳቸው። መሥሪያ ቤቱ ለኔ የሚከፍለውን ያውቃሉ፤ እኔ ጋ የሚደርሰው ሲሶው ነው። ብዙ አሰቡና "ሁለቱ እጅስ? ስትጓጓዢ ፈሰሰ?" አሉ።

ባለፈው የኔን ዕድል የሚወስን ማስታወቂያ ወጣ። ቋሚ የመረጃ ባለሙያ፣ ክፍት ቦታ አንድ፤ እኔ አራት ዓመት ሙሉ የሠራሁበት ሥራ፣ የተቀመጥኩበት ወንበር። ተፈተንኩ፤ አንደኛ ወጣሁ። ውጤቱ ሲለጠፍ ከስሜ ፊት "የሥራ ልምድ፦ ዜሮ፤ ውድቅ" ይላል። ሰው ሀብት ሄድኩ። "ልምድ የሚጽፍልሽ ኤጀንሲሽ ነው" አሉኝ። ኤጀንሲው ጋ ሄድኩ። "የሠራሽው እነሱ ጋ ነው፤ እነሱ ይጻፉልሽ" አሉኝ። ሰባት ጊዜ ተመላለስኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ውሸት ነው፤ እኔ ዝም ባልኩባቸው ቀናት ነቅዤ ነበር።

የመጣሁ ቀን የተቆረጠልኝን የመረከቢያ ቅጽ ያስታወሱት ጋሼ ናቸው። ጡረታቸው ደርሶ ርክክብ ጀመሩ። ክሊራንስ የሚፈረምላቸው በስማቸው ያለው ንብረት ሁሉ ተቆጥሮ ሲገኝ፣ ለሌላ ሲተላለፍ ነው። አራት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ስድስት ዕቃ ተቆጠረ። ከሬሳ እስክሪፕቶ እስከዚያ እውነተኛ ስክሪን አንድ አልጎደለም። አንድ ብቻ ተረካቢ አጣ። አዲሱ ግምጃ ቤት ያዥ "ሁለት መቶ አሥራ ሁለትን መደርደሪያ ላይ አላገኘኋትም፤ አልረከብም" አለ። እውነቱን ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ሥራ ላይ ነበርኩ።

ክቡር ዳይሬክተር፣ ቢሮዎ ውስጥ የተባባሉትን በር ላይ ቆሜ ሰምቼዋለሁ። እንግዲህ ይቅር ይበሉኝ።

"ጋሼ፣ መስመሯን ይሰርዟትና ይገላገሉ።"

"በመዝገቤ ላይ ስርዝ ድልዝ የለም ጌታዬ።"

"ታዲያ ጡረታዎ ሊዘገይ ነው እኮ!"

"ጡረታ የሚጠበቀው ተቀምጦ ነው። ወንበር አለኝ።"

ሁለት ወር ሆነ። ዛሬ የምንሸኛቸው ሰው ሠላሳ አራት ዓመት አገልግለው፣ በኔ በአንዲት መስመር ምክንያት ጡረታቸው አልተከፈተም። "ጋሼ፣ በፈጠረዎት ይሰርዙኝ፤ እኔ ወጣት ነኝ፣ ሌላ ሥራ አላጣም" ብዬ ለምኛቸዋለሁ። ምን አሉኝ? "ከሰረዝኩሽማ የመጣሽ ቀን የነገርኩሽ ውሸት ሊሆን ነው።"

ጋሼ፣ እዚህ ላይ ቀልዴ አለቀ። አባቴ ልጅ ሆኜ ነው የሞተው። አንድ ሰው "ይህች የኔ ኃላፊነት ናት፣ ሳላስረክብ አልሄድም" ሲልልኝ ከዚያ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም ነበር። እኔን ብቻ አይደለም የቆጠሩት። ማሽን "ቀሪ" ያላትን ቆጥረዋል፤ በር ላይ ስሙ የማይጠየቀውን ጥበቃ ቆጥረዋል፤ ለሦስት ወር መጥተን ዓመታት የቆየነውን አሥራ አንዳችንንም አንድ በአንድ ቆጥረዋል። ከአንጀቴ አመሰግንዎታለሁ።

አሁን መፍትሔው። መመሪያውን አንብቤዋለሁ፤ መቼስ አራት ዓመት ሙሉ የፋይል ጓደኛ ሆኜ ነው የኖርኩት። መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው ማስወገድ ነው፦ ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ መጥቶ ዙሪያዬን አይቶ፣ "አርጅታለች፣ ተበላሽታለች፣ ለምንም አታገለግልም" ብሎ በፊርማው ያረጋግጣል። ኮሚቴው ይምጣ። እኔ እቆማለሁ። አብረውኝ የመጡት ሁለቱ ማተሚያዎች ግን በዚህ መንገድ ከተወገዱ ሦስት ዓመታቸው ነው።

ሁለተኛው ማዛወር ነው። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሚሄድ ነገር ተረካቢው ክፍል ይፈርምለታል፤ የአገልግሎት ዘመኑም ከመጀመሪያው የመረከቢያ ቀን ጀምሮ ይቆጠራል። ጋሼ ቅጹን ሞልተውት ቦርሳዬ ውስጥ ነው። አስረካቢ፦ ግምጃ ቤት። ተረካቢ፦ ሰው ሀብት። አንድ ፊርማ ጎድሎታል። ፊርማው ሲያርፍ የኔ ዜሮ አራት ዓመት ከሦስት ወር ይሆናል፣ የጋሼም ክሊራንስ ያልቃል።

የሰው ሀብቷ እትዬ፣ በድግስ ላይ ሰው አላስጨንቅም። ዝም ብዬ ወረቀቱን ከኬኩ አጠገብ አስቀምጠዋለሁ።

ምን አሉ? አልሰማሁም… እስክሪፕቶ?

ጋሼ! እስክሪፕቶ የለኝም ይላሉ! ሬሳውንም አልያዙም። ለዛሬ ይለፉልን? እ? … "ፈርማ ትውሰድ፣ ፈርማ ትመልስ" ይላሉ። ደግሞ ሦስት ኮፒ ነው አሉ።

እስክሪፕቶው እስኪደርሳቸው እኛ ብርጭቆ እናንሳ። ሁላችሁም ተነሱ። ጋሼ፣ እርስዎ ብቻ ይቀመጡ፤ ወንበሩ ይገባዎታል። ዕድሜዎ እንደ መዝገብዎ ስርዝ ድልዝ የሌለበት ይሁን። ጉልበትዎ እንደ ወንበርዎ ቢላላም አይውደቅ። የልጅ ልጆችዎ ይብዙልዎትና ከመቁጠር አይቦዝኑ፤ ባለቤትዎን እትዬን ግን አይቁጠሯቸው፣ እሳቸው ራሳቸው ኦዲተር ናቸው። ያልተመዘገበ ሁሉ በሚጠፋበት ቤት ሰው እንዳይጠፋ ለጠበቁልን ለጋሽ ቁጥር! ጠጡ! የብርጭቆዎቹ ሥር ቁጥር አለበት፤ ይዛችሁ እንዳትወጡ።

የሰው ሀብቷ እትዬ፣ እስክሪፕቶው ደረሰዎት? እሺ። ከመፈረምዎ በፊት ግን የቤቱን ሥርዓት ያውቁታል። ቆጥረው ይረከቡ።

አንድ ነኝ።