ለቤዝም ለኪቦርድም የሚሆን ፔዳል

የሸዋ ሮቢት ፀሐይ ቀልድ አታውቅም። በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ግንቦት ወር፣ ከአዲስ አበባ የመጣው የደሴ አውቶቡስ ለምሳ ሲቆም፣ ጋሼ አስፋው ከአብዱረሂም ሱቅ በረንዳ ሥር ጥላ ተጠግተው ቆመው ነበር። የቆሙት ግን ለጥላው ብቻ አልነበረም፤ ሐሳብ ይዟቸው ነው።

ጋሼ አስፋው የቀበሌው ኪነት ቡድን ቤዝ ጊታር ተጫዋች ናቸው። በጃንሆይ ጊዜ በጦር ሠራዊት ባንድ ውስጥ ያደጉ፣ ከቤዝ በቀር ሌላ ነገር ደስ የማይላቸው ሰው። ታዲያ ባለፈው ዓመት ለውድድር የመጡት የአውራጃው ዳኞች «ቤዝ ጊታር እንዳላችሁ አየን፤ አልሰማንም» ብለው አዋረዷቸው። ጊታሩ የቀበሌው ንብረት ነውና፣ ኮሚቴው ዘንድሮም ካልተሰማ ለሌላ ቡድን ይሰጣል ብሎ ወሰነ። ዳኞቹ የሚመጡት ዓርብ ነው። ጊታሩ ከሄደ ጋሼ አስፋው ዳግመኛ ቤዝ አይነኩም፤ ይህን ሲያስቡ እህል ከአፋቸው አይገባም ነበር።

ኮሚቴው አንድ ደግ ነገር አደረገላቸው፤ ድምፅ የሚያሳምር አንድ ፔዳል እንዲገዛ ፈቀደ። ፔዳል ማለት በእግር የሚረገጥ፣ የመሣሪያን ድምፅ የሚለውጥ ትንሽ ሳጥን ነው። አብዱረሂም ከአሰብ በሚመጡ ሾፌሮች በኩል ሦስት ዓይነት አስመጥቶ ሱቁ በረንዳ ላይ ደርድሯል።

ጋሼ አስፋው ከሦስቱ ቀዩን አንስተው ሲያገላብጡ፣ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ በጋቢ የተጠቀለለ ረጅም ዕቃ ወረደ። «ኧረ ቀስ! ኪቦርድ ነው እኮ!» የምትል ልጅ ዕቃዋን ተቀብላ ወደ ጥላው መጣች። የያዙትን አይታ ዝም ማለት አልቻለችም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፣ ይህንን ለቤዝ ነው የሚወስዱት?»

«አዎ። ሲረግጡት ያገሳል ብለውኛል። አይሰማም የተባልኩ ሰው ነኝ፤ የሚያገሳ ነው የምፈልገው።»

«እሱ ዜማ ለሚመራው ለሊድ ጊታር ነው። ቤዝ ሲገባበት ወፍራሙን ድምፅ ይበላዋል። ይጮኻል እንጂ ሆድ አይኖረውም።»

«አንቺ ልጅ፣ የማን ልጅ ነሽ?»

«የሾፌሩ የአየለ ልጅ ነኝ፣ ሮማን። አዲስ አበባ ሙዚቃ ተምሬ መምጣቴ ነው። ቀበሌው ለኪነቱ ኪቦርድ ተጫዋች አድርጎኛል።»

«እሰይ የአየለ ልጅ! አድገሽ የለም እንዴ! ታዲያ አቧራሽን ሳታራግፊ ከሽማግሌ ጋር ሙግት?» ብለው ሳቁ። ወዲያው ግን ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ። «ቆይ፣ ቆይ። ፔዳሉ ለዚያ ለኦርጋንሽ እንዲሆን ነዋ ቀዩን የምታጣጥይው!»

«ለኔም ለእርስዎም የሚሆን አለ፤ ያ ግራጫው። ስቴሪዮ ነው፤ ሁለት መግቢያ፣ ሁለት መውጫ አለው።»

«በአንድ ቀንበር በሬና ግመል ልትጠምጂ?»

አብዱረሂም ከውስጥ ሰምቶ ወጣ። «ወላሂ እዚህ ብትከራከሩ እስከ ማታ አትጨርሱም። ሦስቱንም ቀበሌው አዳራሽ ወስደን እንሞክራቸው፤ የማትፈልጉትን ትመልሳላችሁ» አለ።

የዚህ ነጋዴ ነገር ደስ ይላል። ስንቱ ሰው ነው ዕቃውን ሳያስሞክር ባፉ ብቻ የሚሸጥ!

አዳራሹ ውስጥ በመጀመሪያ ቀዩን ሞከሩ። ጋሼ አስፋው ጆሯቸውን ከስፒከሩ ጋር አስጠግተው ቢረግጡት፣ ጊታሩ እንደ ወፍጮ ቤት ሞተር ተንገጫገጨ፤ ዜማው የት እንደገባ ጠፋ። ቀስ ብለው እግራቸውን አነሱ። ቀጥሎ የመጣው ትንሹ ሰማያዊ አንድ መግቢያ ብቻ ነበረው። ቤዙን አቀጠነው፤ ኪቦርዱ ሲገባበት ደግሞ ተንጫጫ።

«ይህ ለምን ተንጫጫ?» አሉ።

«ከኪቦርድ የሚወጣው ድምፅ ከጊታር ይልቅ ኃይለኛ ነው ጋሼ። ያን የሚገታ ማዞሪያ ከሌለው ፔዳሉ አይችለውም። ግራጫውን ይዩት፤ ለእያንዳንዱ መግቢያ የየራሱ ማዞሪያ አለው። የኔን ዝቅ፣ የእርስዎን ከፍ እናደርጋለን። ይህኛው ደግሞ ከዋናው ድምፅ ጋር ምን ያህል ለውጥ እንደሚቀላቀል ይወስናል። ጥቂት ብቻ ከጨመርንበት ወፍራሙ ድምፅ ሳይነካ ያልፋል።»

ሞከሩት። እውነትም ቤዙ ሆዱን አላጣም፤ ኪቦርዱም አልጮኸም። ጋሼ አስፋው ግን በቀላሉ እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም።

«ይሁን፣ ጥሩ ነው። ይህ ስቴሪዮ የምትይው ታዲያ ምን ጨመረ?»

«ድምፁ በሁለት ስፒከር ይወጣል፤ ከአንዱ የሚወጣው ከሌላው ትንሽ ይለያል። ሁለቱን አንድ ላይ የሰማ ሰው ነው አዳራሹ የሰፋ የሚመስለው።»

«ሁለት ስፒከር አለን።»

«አለን። አንዱ ግን ወዴት ነው የዞረው?»

እዚህ ላይ ነገሩ ከረረ። አዳራሹ ከተሠራ ጀምሮ አንዱ ስፒከር የሚቀመጠው መስኮቱ ላይ፣ ፊቱን ወደ ደሴ መንገድ አዙሮ ነው። ቤዙ የሚወጣው በዚያ ነበር።

«ስሚ ልጄ፣ በይፋት ድግስ ሲደገስ ደጅ የቆመ ሰው ሳይቀምስ አይመለስም። ሙዚቃም እንደዚያው ነው። ወፍራም ድምፅ ሩቅ ይሄዳል፤ ሰው ከገበያ ይጠራል። ባለፈው ዓመት ባለጋሪዎቹ ሳይቀሩ ቆመው ሰሙኝ። አይሰማም ያሉት ዳኞቹ ብቻ ናቸው። ምቀኞች!»

«ሰው መጥራቱ ደግ ነው ጋሼ። የተጠራው ሰው ገብቶ ሲቀመጥስ ምን ይሰማል?»

«እኔን ይሰማላ!»

«እንግዲያው ፔዳሉን ነቅለን ገመዱን እንደ ባለፈው ዓመት እናድርገው። ጊታሩን ለእኔ ይስጡኝና እርስዎ ከዳኞቹ ወንበር ይቀመጡ። አብዱረሂም ኪቦርዱን አንድ ቦታ ተጭኖ ይያዝልን።»

ጊታራቸውን ለሰው ሰጥተው አያውቁም። አመነቱ፤ ሰጡ፤ ሄደው ተቀመጡ። ሮማን መምታት ጀመረች። ጣቶቿ ሲሄዱ ያያሉ፤ የሚሰሙት ግን አብዱረሂም የተጫነውን ኪቦርድ ብቻ ነው።

«በደንብ ምቺው እንጂ!»

«እየመታሁ ነው ጋሼ!»

«አጥብቀሽ!»

ይህን ጊዜ ከመንገዱ አንድ ባለጋሪ «አቦ ድገሙት!» ብሎ ጮኸ።

ጋሼ አስፋው ከወንበሩ አልተነሡም። አላባቸው፤ በሙቀቱ አልነበረም፤ አፍረው ነው። «እኔ ሁልጊዜ ስፒከሩ አጠገብ ነው የምቆመው» አሉ ቀስ ብለው። «ለእኔ ይሰማኛል። ሰዎቹን እኮ ዓመት ሙሉ ስረግማቸው ነው የከረምኩት!»

ሮማን አልሳቀችባቸውም፤ ጥሩ ልጅ ናት። ቀዩ ፔዳል እንኳ ተገዝቶ ቢሆን ጩኸቱ ተጨምሮ የሚሄደው ወደ መንገዱ ነበር። ሰው ሕመሙን ሳያውቅ መድኃኒት ሲገዛ እንዲህ ነው።

«ደጅ የሚቆመውስ ሰው?» አሉ በመጨረሻ።

«መስኮቱን የዘጋው ስፒከሩ ራሱ ነው ጋሼ። ካነሣነው ድምፁም ይወጣል፣ ነፋሱም ይገባል።»

ስፒከሩን ራሳቸው ተሸክመው ከመድረኩ ግራ አቆሙት፤ ፊቱንም ወደ ወንበሮቹ አዞሩት። ግራጫው ፔዳልም ተገዛ።

ዓርብ ዕለት ዳኞቹ ማስታወሻ መጻፉን ትተው በእግራቸው ምቱን ሲከተሉ ታዩ። ውጤቱ ሲነገር ቡድኑ ሁለተኛ ወጣ፤ የኮሚቴው ሊቀመንበርም ጊታሩ ከጋሼ አስፋው እጅ እንደማይወጣ በሰው ፊት ተናገረ። ከቀወት ገጠር የመጣው ቡድን ቤዝ ተጫዋች፣ ወንድሙ የሚባል ሰው፣ ወዲያው መጥቶ ስለ ግራጫው ሳጥን ጠየቃቸው። አይ ጋሼ አስፋው! ሲማሩ እንዳልተሟገቱ ሁሉ ማስተማር ጀመሩ።

«ስማኝ ወንድሙ፣ በጩኸቱ አትመን። ወፍራሙን ድምፅ የማይበላ ምረጥ። ኪቦርድ አብሮህ የሚገባበት ከሆነ ለየብቻ መግቢያና ማዞሪያ ይኑረው፤ አንዱ ሌላውን አይጫነውም፣ አንድ ዕቃም ለሁለት ሰው ይበቃል። በመብራት ብቻ ሳይሆን በባትሪ ድንጋይም የሚሠራ ቢሆን ደግ ነው፤ ሶኬት ሲያጥርህ አትቸገርም። ከሁሉ በፊት ግን ሌላ ሰው ጊታርህን ይምታልህና አንተ ከሕዝቡ መሐል ተቀምጠህ ስማ።»

ይህን እያሉ ሳለ ባለቤታቸውን እትዬ ብዙነሽን አዩ። እትዬ ብዙነሽ በየዓመቱ ከፊት ወንበር የማይጠፉ፣ ከሁሉ ቀድመው የሚያጨበጭቡ ሴት ናቸው። ዛሬ ሰው ሁሉ ሲወጣ እሳቸው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ተቀምጠዋል።

«ምነው ብዙነሽ? ምን ሆንሽ?»

«ምንም አልሆንኩ። እስከ ዛሬ ጣትህን እያየሁ ነበር የማጨበጭብልህ። ጆሮዬ የደከመ መስሎኝ፣ እንዳይከፋህ ብዬ ሳልነግርህ ቀረሁ። ዛሬ ሰማሁህ፣ አስፋው።»

ጋሼ አስፋው ወንድሙን እዚያው ትተው ወደ መድረኩ ተመለሱና ጊታሩን አነሡ።

«ሮማን፣ ነይ እስቲ ክፈቺው» አሉ፤ ወደ ሚስታቸውም ዞረው «የቱን ልጫወትልሽ?» ብለው ጠየቁ።