ሌስ ያላጎረሰው መድፍ

ክቡራትና ክቡራን፣ ክብራችሁ ለዛሬ ብቻ ነው፤ ነገ ወደ ቅቤ ፋብሪካው ሥራችሁ ትመለሳላችሁ።

ይህን ድግስ ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ቤሪል፣ በሊጥ ጠቅልለሽ የጋገርሽው የሥጋ ፓይ እንደ ወትሮው ድንጋይ ነው፤ ጥርሴ ሰው ሠራሽ ባይሆን ኖሮ ዛሬ አብሮኝ ጡረታ ይወጣ ነበር። ሥራ አስኪያጃችን ሚስተር ፖኮክ፣ ለሰዓቱ አመሰግናለሁ። ፋብሪካው ሠላሳ ሁለት ዓመት በፊሽካ ሲቀሰቅሰኝ ኖሮ፣ መነሣት ሲቀርልኝ ሰዓት ሰጠኝ። ባለቤቴ ኖላ ደግሞ ከሰኞ ጀምሮ ቀኑን ሙሉ እቤት እንደምውል ስትሰማ፣ ፋብሪካው ትንሽ አይታገስም ወይ ብላ ጠይቃለች።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የእኔን ስንብት ከሚናገረው ወረቀት ሥር ሌላ ወረቀት አለ። ሌስ ማክኩሎ ከሰኞ ጀምሮ ከወተት ማሞቂያው ተነሥቶ ግቢ ጠራጊ ይሆናል ይላል። ምክንያቱ ዝግታ። እውነት ነው፤ ሌስ የማሞቂያውን የሙቀት ቁጥር ጮክ ብሎ ሳያነብ፣ ደግሞም ሳይደግመው፣ ወተቱን አይለቅም። እናንተ ወጣቶች በቀቀኑ ትሉታላችሁ። አትደበቁ፣ ሰምቻለሁ። እኔም አብሬያችሁ ስቄያለሁ፤ አፍሬበታለሁም።

ግን ይህን ልማድ ከየት አመጣው ብሎ የጠየቀው አለ?

ሜዳሊያዬን ታውቁታላችሁ። በየዓመቱ ሚያዝያ፣ በዘማቾች መታሰቢያ ሰልፍ ቀን፣ ደረቴ ላይ ታዩታላችሁ። አብሮት የተሰጠኝ ወረቀት "ለማይዛነፍ አነጣጠሩ" ይላል። እስቲ ያን ወረቀት ዛሬ ላርመው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኒው ጊኒ ነበርን። ዝናብ፣ ጭቃ፣ ሦስት ቀን ያልተከደነ ዓይን። እኔ የመድፉ አነጣጣሪ፣ ሌስ ጥይት አጉራሽ። ደንባችን አንድ ነበር፤ ርቀቱ በስልክ ይመጣል፣ አነጣጣሪው ያስተካክላል፣ ያስተካከለውን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ መድፉ ይጎርሳል። ያን ጠዋት እግረኞቻችን ወንዝ ዳር ተከበው፣ ቶሎ ተኩሱልን እያሉ ይለምኑን ነበር። እኔም ማንበቡን ትቼ ዝግጁ ነው አልኩ። ሌስ ጥይቱን እንደታቀፈ ቆመ።

"አላነበብክም" አለኝ።

"አጉርስ፣ አንተ ደረቅ። ሰዎቹ እያለቁ ነው።"

"ካላነበብክ አላጎርስም።"

የስድብ ጎተራዬን አራገፍኩበት፤ እናቱን እንኳ አልተውኩለትም። እሱ ግን ያን ጥይት እንደ ሕፃን አቅፎ ንቅንቅ አላለም። በንዴት ጎንበስ ብዬ አነበብኩ። አራት መቶ ያርድ አሳጥሬዋለሁ። እዚያ፣ ባጠረው ቦታ፣ ጭቃው ውስጥ የተኙት ጠላቶች አልነበሩም። የእኛው ልጆች ነበሩ።

አስተካከልኩ፤ አነበብኩ፤ አጎረሰ። እስኪመሽ ተኮስን። እጄን ፍንጣሪ ቢመታውም ከመድፉ አልተለየሁም፤ ይህን አልክድም፣ ሽማግሌ ብሆንም ጉራ አለኝ። ሽልማቱ ሲመጣ ግን እውነቱን ለመቶ አለቃው ልነግር ተነሣሁ። ሌስ ክንዴን ያዘኝ።

"ልጆቹ በሕይወት አሉ። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?"

እኔም ዝም አልኩ። ዝምታው ተመቸኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ተመቸኝ።

ሚስተር ፖኮክ፣ ጡረተኛ አይባረርምና ልድፈርዎት። የዚህ ከተማ ልጆች የሚጠጡት ወተት በዚያ ማሞቂያ ያልፋል፤ ሙቀቱ ካነሰ ጀርሙ አይሞትም። ሌስ የሚያዘገየን አንዲት ደቂቃ ናት። እንደዚያች ባለች አንዲት ደቂቃ የተረፉ ሰዎች ዛሬ የልጅ ልጆቻቸውን ያቅፋሉ። ያ የሰሌዳው ወረቀት ይነሣልኝ?

ምን አሉ? ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ፤ ከመድፍ የተረፈ ጆሮ ነው ያለኝ። ይነሣል? ስልሳ ሰው ሰምቶዎታል። እግዜር ይስጥልኝ።

ሌስ፣ አታቀርቅር። ወንድሜ፣ ቀና በልና ይዩህ። ከፈለግህ ነገ ትሰድበኛለህ፤ ተራው ያንተ ነው።

ወዳጆቼ፣ ላሞቻችሁ አይንጠፉ፤ ዝናቡም በወቅቱ ይምጣላችሁ። ልጆቻችሁ ጦርነትን እንደ እኔ ካለ ለፍላፊ ሽማግሌ አፍ ብቻ ይስሙት። እግዜር ለእኔ የሰጠኝን ለእናንተም ይስጣችሁ፤ በቸኮላችሁበት ቀን፣ እየሰደባችሁትም ቢሆን፣ እምቢ ብሎ ፊታችሁ የሚቆም ጓደኛ።