ስሙን በእጅሽ ሸፍኚው

— ሄሎ... አቤት... ሚጣ! አንቺ ነሽ እንዴ?... አይ፣ አልተኛሁም፤ ወንበሩ ላይ ሸለብ አድርጎኝ ነው። ሮዝና ሐምራዊ ሜዳ ላይ እየሄድኩ ነበር... ምን ላድርግ፣ ዕድሜዬን ሮዝና ሐምራዊ የተቀባ ናሙና በማይክሮስኮፕ ሳይ ጨርሼ በህልሜ ሌላ ምን ልይ?

— የት ነሽ?... መጽሐፍ መደብር? ለፓቶሎጂ ትምህርትሽ ልትገዢ?... ልትመልሺ? ቆዪ፣ ቆዪ... ትምህርቱን፣ የኔን ሙያ፣ ልትተዪው?

— አንተ፣ ሬዲዮኑን ቀንስልኝ እስቲ፤ የእህቴ ልጅ ናት... አንቺን አይደለም የኔ እናት፣ አጎትሽን ነው። በይ ከመጀመሪያው ንገሪኝ።

— እሺ... ከፕሮስቴት የተወሰደ ናሙና... እሺ... ጥጉ ላይ ትልልቅ፣ ጠቆር ያሉ፣ ቅርጻቸው የተበላሸ ሴሎች... አንቺም «ካንሰር ነው» አልሽ። በሰው ሁሉ ፊት... ምን ሆኖ ተገኘ?... ከፕሮስቴቱ ጎን ያለው የዘር ፈሳሽ ከረጢት?... አልሳቅሁም። እሺ፣ ትንሽ ስቄያለሁ። እሱ እኮ ጤነኛ ሆኖም መልኩ ያስደነግጣል። ፊቱ ወንበዴ የሚመስል ጨዋ ሰው አጋጥሞሽ አያውቅም?

— መምህርሽስ?... «ሌላ ሙያ ፈልጊ» አለሽ?... አታልቅሺ። እሺ አልቅሺ፣ ግን ከመደርደሪያው ራቅ በይ፣ የሰው መጽሐፍ ይረጥባል።

— በሽተኛው ግን አልተጎዳም አይደል?... ለማስተማሪያ የተቀመጠ የመስታወት ስላይድ ነው? ተመስገን። ታዲያ እዚያ ያልተሳሳተ ሰው የት ሊሳሳት ነው?

— አሁን የያዝሻቸውን መጻሕፍት ንገሪኝ... የካንሰር ሥዕሎች... ሌላ?... ደግሞ ካንሰር። ጤነኛውን አካል የሚያሳይ አንድም የለሽም?... «እሱማ በመጀመሪያው ዓመት አልፌዋለሁ»? አየሽ! እባብ ያየ በልጥ በረየ። በሽታ ብቻ ስታነቢ ከርመሽ ጤነኛው ሁሉ በሽታ መሰለሽ። የዓይንሽ ጥፋት አይደለም ልጄ፣ የመጻሕፍትሽ ነው።

— ሻጩን የጤነኛ ሕብረ ሕዋስ መጽሐፍ ጠይቂው። ቀጭን ይሁን፤ ሥዕሉ ትልቅ፣ ጽሑፉ ትንሽ። ወፍራሙን ጀማሪ ሰው ገዝቶ ትራስ ነው የሚያደርገው... አለው?... ያረጀ ነው? ይሁና፣ ኩላሊት ፋሽን አይቀይርም።

— እኔማ መጥቼ እመርጥልሽ ነበር፤ ግን ታውቂው የለ፣ ዓይኔ መሃል መሃሉን አላሳይ ካለኝ ሰነበተ። የሰው ፊት እንኳ ጆሮው ብቻ ነው የሚታየኝ... ለምጄዋለሁ፣ ተይው። ይልቅ አንዱን ገጽ ግለጪ። ከሥዕሉ ሥር ያለውን ስም እንዳታነቢው፣ በእጅሽ ሸፍኚው። ያየሽውን ብቻ ንገሪኝ። እኛ ስም የምንሰጠው መጨረሻ ላይ ነው፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

— ከራቅ ጀምሪ... ክብ ክብ ነገሮች... አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ... ውስጣቸውስ?... ሮዝ። ሴል የለበትም? ዝም ያለ ሮዝ... ዳር ዳሩስ?... አንድ ረድፍ ሴል ብቻ። እኩል እኩል? አንዱ ባንዱ ላይ አልወጣም?... በመሃላቸው ቀጫጭን የደም ሥሮች... እሺ... እሺ...

— ቆዪ... እያየሁት ነው። ሮዝ ኩሬ፣ ዙሪያውን ሐምራዊ ጠጠር የተደረደረበት... ጥርት ብሎ፣ መሃሉ ሳይቀር። እንዲህ ካየሁ ስንት ጊዜዬ... ሚጣ፣ ማየት የማይችል ሰው ለሌላ ማሳየት አይችልም፤ አንቺ ግን አሳየሽኝ። መምህርሽ ያሻውን ይበል።

— እና ምንድነው?... ቀስ ብለሽ... በሽታ አለበት?... እርግጠኛ ነሽ? በይ እጅሽን አንሺ... ታይሮይድ። ጤነኛ ታይሮይድ። እሰይ የኔ ልጅ።

— ሻጩ ምን ይላል?... መደብሩን ሊዘጋ ነው? እንግዲህ ቁርጡን ንገሪው... ይሄን ትወስጃለሽ። የቀድሞዎቹንስ?... እነሱንም አትመልሺም? ትምህርቱንም አትተዪውም?... ደግመሽ በይው እስቲ፣ ልስማው... እልል ባልኩ፤ አጎትሽ ያብዳል።

— እሁድ ይዘሽልኝ ነይ። ሁሉንም ገጽ በገጽ ትነግሪኛለሽ፤ ጉበት ናፍቆኛል... አትሳቂ፣ የእውነቴን ነው። በይ ቻው የኔ እናት... አንቺ ዝጊው። እኔ ገና እያየሁ ነው።