ውሻዬን ልድር ብዬ

ከአዲስ አበባ ያመጣሁት ውሻ ጸጉሩ ሐር ነው፤ አሶሳ ገበያ ይዤው ስገባ ሰው አብሮት ፎቶ ይነሳል። ዘሩ እንዲቀር ፈልጌ የጎረቤቴን የጋሽ ሙሳን ሴት ውሻ ልጠይቅለት ራሴው ሽማግሌ ሆኜ ሄድኩ። የእሳቸዋ ጆሮዋ የተቦጨቀ መልከ ጥፉ ናት፤ ግን ዝንጀሮ በቆሎ አታስነካም።

«ቡችሎቹ መልክ ያወጣሉ» አልኳቸው።

«መልክ ዝንጀሮ ያባርራል? መጀመሪያ ያንተን ማሳ አንድ ቀን ይጠብቅ።»

ጠዋት ማሳው ላይ ትቼው ከሰዓት አብረን ሄድን። ውሻዬ በጀርባው ተንጋሏል፤ አንዲት ዝንጀሮ ቁንጫውን ትለቅምለታለች፤ ዘመዶቿ በቆሎዬን ይፈለፍላሉ። በንዴት ድንጋይ ሳነሳ ጋሽ ሙሳ እጄን ያዙኝ።

«ተው ልጄ፣ አማች አይደበደብም። ሽማግሌ ወደ እነሱ ላክ፤ ጥሎሹን እንደሆነ መብላት ጀምረዋል።»